ላሚኔት ያስደረግሁት የጋብቻ ምስክር ወረቀት

ለውጭ አገር የሚሆን የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ለማረጋገጥ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። መጀመሪያ፣ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ላሚኔት አስደርጌው ነበር (ብልህ መሆኔ ነው!)፤ ፕላስቲክ ላይ ማህተም አያርፍም። ከመዝገቡ አዲስ ቅጂ አወጣሁ።

ሁለተኛው ባሰ፦ ቅጂውን የፈረሙት ኃላፊ የፊርማ ናሙና አረጋጋጩ መሥሪያ ቤት ዘንድ የለም። ማረጋገጫው የሚመሰክረው ለፊርማውና ለማህተሙ እንጂ ለጋብቻው አይደለም፤ ስለዚህ የሚያመሳክሩበት ናሙና ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ናሙናቸው የተመዘገበ ሌላ ኃላፊ ሲፈርሙልኝ በዚያው ቀን አለቀ።

ወረቀቱን የሰጠውም የሚቀበለውም አገር እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት አባላት ስለሆኑ አፖስቲል (ስምምነቱ ያወጣው፣ በአባል አገሮች መካከል የሚሠራ አንድ ወጥ ማረጋገጫ) በቃኝ፤ ባይሆኑ ኖሮ የኤምባሲ ማህተምም ይጠብቀኝ ነበር። ትርጉሙን ያሠራሁት አፖስቲሉ ከተያያዘ በኋላ ነው፤ እሱም አብሮ እንዲተረጎም።