የሩማኒያን ፊልም ለመጀመር፦ ማን፣ ለማን ሲል፣ ማንን ለመነ?

የሩማኒያ ፊልም ልጀምር ላለኝ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ታሪኩን ተዉትና ልመናውን ተከተሉ። ማን፣ ለማን ሲል፣ ማንን እየለመነ ነው? ይህቺን ጥያቄ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም እንኳ አያሰለቻችሁም። ካልያዛችሁ ግን የምታዩት ኩሽና ውስጥ ቆመው የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ብቻ ነው። ባለቤቴ ለምሳሌ እስካሁን ያየው ያንን ነው። እሱም እንቅልፍ እስኪወስደው።

ለመጀመሪያ ቀን የክርስቲያን ሙንጂዩን «ግራጁዌሽን» ምረጡ። የ2016 ፊልም ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሮሜዮ የተባለ ሐኪም በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራል። ልጁ ኤሊዛ እንግሊዝ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። የሚቀራት የመልቀቂያ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ማለፍ ብቻ ነው። በፈተናው ዋዜማ መንገድ ላይ ጥቃት ይደርስባታል። እዚህ ጋ ንቁ። አባት ፖሊስ የሆነ ወዳጁን ያማክራል። ፖሊሱ ወደ ምክትል ከንቲባው ይመራዋል። ምክትል ከንቲባው የጉበት ንቅለ ተከላ ወረፋ ላይ ናቸው፤ የፈተና ኮሚቴውን ሰብሳቢ ደግሞ ያውቃሉ። ገባችሁ? ማንም ጉቦ የሚል ቃል አይወጣውም። ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም ውለታ ነው የሚውለው። ሮሜዮ ክፉ ሰው ቢሆን ፊልሙ ቀላል ይሆን ነበር። እሱና ሚስቱ አገር ይለወጣል ብለው በ1991 ወደ ሩማኒያ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን ሐቀኛ አድርገው ነው ያሳደጉት። አሁን አባትየው ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ እንድታጭበረብር ይጠይቃታል። በፊልሙ ውስጥ ትልቁ ልመና ይሄ ነው።

ቀጥሎ የካሊን ፔተር ኔትዘር «ቻይልድስ ፖዝ» ይምጣ። በ2013 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማ ድብን፣ የተሸለመ ነው። ኮርኔሊያ ገንዘብም ሰውም ያላት የቡካሬስት ሴት ናት። ልጇ መኪና ሲያበር የደሃ ቤተሰብ ልጅ ገጭቶ ይገድላል። እናት ፀጉራም ካፖርቷን ለብሳ ፖሊስ ጣቢያ ትገባና ስልክ መደወል ትጀምራለች። ልጁ ስለ ፍጥነቱ የሰጠው ቃል እንዲስተካከል ትፈልጋለች፤ ከምስክሩ ጋር ትደራደራለች። ልጁ ራሱ ግን ዓይኗን ማየት አይፈልግም። መጨረሻ ላይ የሟች ወላጆች ቤት ትሄዳለች። እዚያ ስለሚሆነው አልነግራችሁም፤ ብቻ ለማን እያለቀሰች እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔና እህቴ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ኮርኔሊያን የምትጫወተው ሉሚኒትሳ ጊዮርጊዩ ናት። ፊቷን ያዙት፤ የሚቀጥለው ፊልም ላይ ታገኟታላችሁ፤ የክሪስቲ ፑዩ «የሚስተር ላዛሬስኩ ሞት» (2005)። አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ራሱን ያመዋል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል ያዞሩታል። በየደረሰበት መጀመሪያ የሚያዩት በሽታውን አይደለም፣ ጠጥቶ መምጣቱን ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ የማታ ተረኝነትን አውቃለሁ። ሐኪሞቹ በበሽተኛው አናት ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወሩበት አወራር ቁርጥ እውነተኛው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሲያዩት መሃል መሃል ላይ ይስቃሉ። ከዚያ ያፍራሉ።

ጥያቄያችሁን እዚህም አንሱት። ላዛሬስኩ የሚለምንለት ሰው የለውም። ልጁ ካናዳ ናት፣ እህቱ ሌላ ከተማ። ጎረቤቶቹ ማስታገሻ ይሰጡትና ወደ ጭቅጭቃቸው ይመለሳሉ። የምትለምንለት አንዲት የአምቡላንስ ነርስ ብቻ ናት፣ ሚዮአራ። ሉሚኒትሳ የምትጫወታት እሷን ነው። ምንም አትዛመደውም። ወጣት ሐኪሞች «አንቺ ማን ነሽና?» በሚል ዓይን ያዩዋታል፤ እሷ ግን ትታው መሄድ አልሆነላትም። ሮሜዮም ኮርኔሊያም ስልክ አንስተው የሚጠሩት ሰው አላቸው። ያ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ማየት ከፈለጋችሁ ይህንን ከሁለቱ በኋላ እዩት፣ ከፊት አታድርጉት።

ፊልሞቹ እንዴት እንደሚታዩ ጥቂት ልበል። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አብዛኞቹ ፊልሞች ላይ «አሁን እዘኑ፣ አሁን ፍሩ» የሚላችሁ ማጀቢያ ሙዚቃ የለም። ዋናው ነገር የሚነገረው በወሬ መሃል፣ ካሜራው ሌላ ሰው ላይ እያለ ነው። የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚሰማውን ሰው ፊት ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ የሚሰማውን እዩ። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተቀዳበት ቅጂ ካገኛችሁ ዝለሉት፤ ከስር ጽሑፍ ያለው ይሻላል። የአነጋገራቸው ፍጥነት ራሱ ግማሹን ታሪክ ይናገራል።

«ሲዬራኔቫዳ» (2016) ጋ ስትደርሱ ይህ ምክር ነፍስ ያድናል። የፑዩ ነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ነገሩ አርባ ነው። አባት ሞተዋል፣ ቤተሰቡ ቡካሬስት ውስጥ ጠባብ አፓርታማ ላይ ተሰብስቧል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ ቄሱ ግን ዘግይተዋል። ሳይባረክ አይበላም። የተራበ ዘመድ ደግሞ ታውቃላችሁ። አንዷ አክስት የድሮውን የኮሚኒስት ዘመን ታመሰግናለች፣ ሌላዋ ባሏ ማገጡን እያነሳች ታለቅሳለች፣ አንዱ ስለ መስከረም 1ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ይተነትናል። በሥርዓቱ ላይ ሟቹን የሚወክለው ወጣት ሊለብሰው የተገዛው ሙሉ ልብስ በጣም ሰፊ ሆኖበታል። ካሜራው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ በር ሲከፈት በር ሲዘጋ እንደተጋበዘ እንግዳ ዞር ዞር እያለ ያያል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ አትድከሙ። ላሪን ብቻ ያዙ፣ ሐኪም የነበረውን ወንድ ልጅ። ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ይገባችኋል። በባዶ ሆድ አትዩት።

ከበስተጀርባ ማወቅ ያለባችሁ ብዙ አይደለም። የኮሚኒስቱ መሪ የቻውሼስኩ መንግሥት በ1966 ፅንስ ማቋረጥን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው አገዛዙ በታኅሣሥ 1989 ሲወድቅ ነው። የሙንጂዩን «4 ወር፣ 3 ሳምንት፣ 2 ቀን» ያለዚህ ማየት ከባድ ነው። በ2007 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማ ዘንባባን፣ ያገኘው እሱ ነው። የሁለት ተማሪ ጓደኛሞች ታሪክ ነው፣ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ የምታዩት አይደለም። ብቻችሁን ወይም ከልብ ጓደኛችሁ ጋር እዩት። ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት የእራት ገበታው ነው። ኦቲሊያ በፍቅረኛዋ ወላጆች ቤት በእንግዶች መሃል ተጣብቃ ተቀምጣለች፣ ጓደኛዋ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ሰዎቹ ስለ ምግብ ያወራሉ። ካሜራው ንቅንቅ አይልም።

ሌላው የስደቱ ጉዳይ ነው። ብዙ ሩማኒያዊ ለሥራ ወደ ጀርመን፣ ጣሊያንና ስፔን ሄዷል። «አር ኤም ኤን» (2022) ውስጥ በሩማኒያ ትራንሲልቫኒያ ክፍለ አገር ያለ የአንድ መንደር ወጣቶች ውጭ ስለሄዱ ዳቦ ቤቱ ከስሪላንካ ሠራተኞች ያስመጣል። መንደሩ ይነሳባቸዋል። የስብሰባው ትዕይንት ያለምንም ቁርጥ 17 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሩማንኛና ሃንጋርኛ የሚናገሩትን በጽሑፍ ቀለም የሚለይ ቅጂ ፈልጉ፣ አለበለዚያ ማን በማን ላይ እንደተነሳ ይጠፋችኋል።

መሳቅ ካማራችሁ ደግሞ የኮርኔሊዩ ፖሩምቦዩን «12፡08 ኢስት ኦፍ ቡካሬስት» (2006) ጣል አድርጉ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሰፈር ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በ1989 ከተማችን ውስጥ አብዮት ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ ሰካራም መምህርና አንድ ሽማግሌ ያከራክራል።

ተከታታይ ድራማ ለምትወዱ ደግሞ በተዋናዮቹ በኩል ግቡ። ላሪን የተጫወተው ሚሚ ብራኔስኩ «ላስ ፊየርቢንትሲ»ን የሚጽፍ ሰው ነው። ከ2012 ጀምሮ በፕሮ ቴቬ የሚታይ የመንደር ኮሜዲ ነው። ረጅም ነው፣ ሁሉን ለማየት አትሞክሩ፤ ከየትም ክፍል መጀመር ይቻላል። ሸርባን ፓቭሉ ደግሞ የራዱ ጁዴ «ኤቭሪባዲ ኢን አወር ፋሚሊ» (2012) ላይ የተፋታ አባት ነው፤ ልጁን ባሕር ሊያሳይ ሊወስዳት መጥቶ በቀድሞ ሚስቱ ቤት ነገሩ ይበላሻል። በዚያ ከወደዳችሁት ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤችቢኦ «ኡምብሬ» ተሻገሩ፣ በ2014 ወደጀመረው። ፓቭሉ የሚጫወተው ሬሉ ታክሲ ነጂ ነው፣ በጎን ለወንበዴ አለቃ ዕዳ ይሰበስባል፣ ቤተሰቡ ደግሞ አያውቅም። ደም አለበት፣ ልጆች ካስተኛችሁ በኋላ ይሁን። እዚህ የሚለምን የለም፤ ሬሉ ሲመጣ ሰው ይከፍላል። ቤት ገብቶ ግን ለልጁ ትምህርት ቤት ሲሯሯጥ፣ ሚስቱን ሲያባብል፣ ያው ሮሜዮን ነው የምታዩት።