ስካሎፕን በባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ አንጠልጥሎ ማርባት

ስካሎፕ ለምግብ የሚረባ የባሕር እንስሳ ነው፤ መኖ አይቀርብለትም። ባለ ሁለት ቅርፊቱ እንስሳ ውኃውን እያጣራ የሚመገበው እዚያው የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን አልጌ ነው። የአርቢው ዋና ሥራ በቂ ቦታ መስጠትና ከመናወጥ መጠበቅ ነው፤ በእርባታ ላይ ብዙውን ሞት የሚያመጡት መጨናነቅና መናወጥ ናቸውና። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች በጃፓን ሆካይዶና ሙትሱ ባሕረ ሰላጤ በስፋት ለሚረባው ዝርያ የሚሠሩ ናቸው።

ቦታ ሲመርጡ ከወንዝ አፍ ይራቁ፤ ጨዋማነቱ በሺህ ከ30 በታች የሚወርድበት ውኃ አይሆንም። በሞቃቱ ወራት የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ስካሎፑ ይደክማል፤ 23ን አልፎ ሲቆይ መሞት ይጀምራል።

ከ100 እስከ 200 ሜትር የሚረዝም ዋና ገመድ በሁለቱም ጫፍ በመልሕቅ ይታሰራል፤ በተንሳፋፊዎች ተይዞ ከውኃው ወለል ከ5 እስከ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ይዘረጋል። ወደ ላይ ከቀረበ ማዕበል መረቦቹን ያንገላታል። እንስሳቱ ባደጉ ቁጥር ክብደቱ ስለሚጨምር ተንሳፋፊ በየጊዜው ይጨምሩ፤ ግን በልክ። ሲያንስ መረቡ የባሕሩን ወለል ይነካና ስካሎፕ የሚበላው የባሕር ኮከብ ይወጣበታል፣ ሲበዛ ደግሞ ገመዱ ወደ ማዕበሉ ይነሳል።

የስካሎፑን እጭ፣ ማለትም ከእንቁላል የወጣውን ረቂቅ ልጅ፣ ከባሕሩ መሰብሰብ ጊዜን ማወቅ ይጠይቃል። አሮጌ የናይለን መረብ የተጠቀጠቀበት፣ ዐይኑ ጠባብ የሆነ የሽንኩርት ከረጢት የመሰለ መሰብሰቢያ በገመድ ላይ ተደርድሮ ይሰቀላል። እጮቹ ለሳምንታት ሲዋኙ ቆይተው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆኑ በቀጭን ክር ይጣበቃሉ። ውኃውን በረቂቅ መረብ እያጠለሉ በማይክሮስኮፕ ይዩ፤ አብዛኞቹ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ሲበልጡ ከረጢቱን ይስቀሉ። ቀድሞ የተሰቀለ ከረጢት ሌሎች ተለጣፊ ፍጥረታት ይይዙታል፤ የዘገየ ባዶውን ይወጣል። ግልገሎቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጠጉ ክራቸውን ለቀው ይወድቃሉ፤ ያኔ የሚያስቀራቸው የከረጢቱ ጠባብ ዐይን ነው።

በዚህ መጠን በወንፊት ለይተው፣ መሠረቱ 35 በ35 ሴንቲ ሜትር ወደሆነ የፒራሚድ ቅርጽ መረብ ያዛውሯቸው። መጀመሪያ በአንዱ ከ50 እስከ 100፣ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ግን 20 ያህል ይበቃል። ቁጥር ቢጠፋብዎ ቅርፊቶቹ ከመረቡ ወለል ከሲሶ በላይ እንዳይሸፍኑ ይጠንቀቁ። ሲጨናነቁ የአንዱ ጠርዝ በሌላው አፍ ገብቶ ሥጋውን ይቆርጣል። ምልክቱ የተሸራረፈ ጠርዝና በቅርፊቱ ውስጥ የሚታይ ቡናማ ጠባሳ ነው። እንዲህ ዓይነት ቅርፊት በብዛት ካዩ ወይ ቁጥሩን ይቀንሱ፣ ወይ ገመዱን ዝቅ ያድርጉ።

ማዛወሩ ራሱ ይገድላል። ጀልባ ላይ ሲሆኑ በባሕር ውኃ የራሰ ጨርቅ ያልብሷቸው፤ ፀሐይ፣ ነፋስና ዝናብ አያግኛቸው። ውኃው በሚሞቅበት ወር ጨርሶ አይንኳቸው።

ለመጨረሻው እድገት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 10 ደርብ የፋኖስ ቅርጽ መረብ ነው፤ በየደርቡ ከ10 እስከ 15 ይቀመጣል። ሁለተኛው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን የቅርፊቱን ክንፍ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ በስቶ፣ በፕላስቲክ መያዣ ጥንድ ጥንዱን ገመድ ላይ ማንጠልጠል ነው። ውኃ እንደ ልብ ስለሚያገኙ ቶሎ ይፋፋሉ፣ መረብም ይቆጥባል፤ ሆኖም የብሳቱ ሥራ ብዙ እጅ ይፈልጋል። መሰርሰሪያው ሥጋውን ከነካ እንስሳው አይተርፍም።

መስልና ባርናክል የሚባሉት ተለጣፊ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት የመረቡን ዐይን ደፍነው የውኃውን ፍሰት ያግዳሉ። መረብ የሚቀየረው የእነሱ እጭ መጣበቁን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ መቀየር ሥራን መድገም ነው። የባሕር ኮከብም በእጭነቱ ገብቶ ውስጥ ያድጋል፤ መረብ በተከፈተ ቁጥር ለቅመው ያውጡ።

ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ቅርፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከመሸጥዎ በፊት ናሙናው በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ከመርዛማ አልጌ የሚመጣው መርዝ በሆድ ዕቃው ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ማብሰልም አያጠፋውም። መርዝ ከተገኘ ምርቱን ከባሕር አያውጡ፤ ደጋግሞ ተመርምሮ ንጹሕ እስኪሆን እዚያው ይቆይ።