ሦስት ጊዜ የወረደ ካምቢዮ፦ ቶርክ ኮንቨርተር ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ አውቶማቲክ መኪና የሚፈተነው ደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ሜዳው ላይ ሰላማዊ የነበረ መኪና ሐረር ልሂድ ብሎ ዳገቱን ሲጀምር ጉዱ ይወጣል። በፈረንጆቹ 1997 የተሠራችው ኮሮላዬም መንቀጥቀጥ የጀመረችው እዚያው ጥምዝምዙ ላይ ነው።

ቶርክ ኮንቨርተር በአውቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮንን ቦታ የያዘ ዕቃ ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን ብቻ አብሩት፤ ነፋሱ ሌላኛውንም ያዞረዋል። ቶርኩ ውስጥ በነፋሱ ፈንታ ያለው ዘይት ነው። የሐረር ፔጆ 404 ነጂዎች ይህን ቢያነቡ ይስቁብናል፤ የእነሱ ማኑዋል ነው፣ ይህ ጣጣ የለባቸውም። እኛን የሚጎዳን ደግሞ የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። እሱ ጋ ለመድረስ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ አለበት። የእኔ ሦስት ጊዜ ወርዷል። አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሳያረጋግጡ ቶርኩን መወንጀል

መኪና ተንቀጠቀጠ ማለት ቶርኩ ሞተ ማለት አይደለም። ያረጀ ካንዴላም እንደዚያው ያንቀጠቅጣል። የካምቢዮ ዘይት ሲጎድል ወይም ሲያረጅም ያው ነው። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጡና ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረጉት። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩና ይታይ። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለው ግን ጉዳቱ ካምቢዮው ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ቶርክ ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም።

ከዚያ መንገዱ ጭር ሲል ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ መልካ ጀብዱ ሂዱ። በ70 ወይም በ80 እየሄዳችሁ፣ ነዳጁን ሳትለቁ፣ ፍሬኑን በስሱ ነካ አድርጉ። ቶርኩ ውስጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዝ ሎክ አፕ የሚሉት ክላች አለ፤ ፍሬን ሲነካ ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ቶርኩ ያደላል። ካልጠፋ ካንዴላና የካንዴላ ገመድ አስፈትሹ፤ ምናልባት በዚያው ትገላገሉ ይሆናል።

«ያው ቶዮታ ነው» ብሎ መግዛት

ያገለገለ ቶርክ ሁሉም ይመሳሰላል። ክብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ዘይታም ነው። ነገር ግን የውስጥ ጥርሱ ቁጥር፣ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው አንገቱ ውፍረትና የቡሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ከካምቢዮ ካምቢዮ ይለያያል። ቦኔቱን ስትከፍቱ የምታገኙት የቶዮታ ሰሌዳ ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል። ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በተለይ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ የሚላክላችሁ ከሆነ ኮዱን ሳትልኩ ብር አትላኩ። መመለሱ ሌላ መከራ ነው።

ሻጩ ፊት ቶርኩን ዘቅዝቁትና ዘይቱን ባልዲ ውስጥ አንጠባጥቡት። ጥቁር ከሆነና የሚያብረቀርቅ ነገር ካለው ትታችሁ ሂዱ። እንዲህ ያለውን በቤንዚን አጥቦ ማዳን አይቻልም፤ ቶርክ በብየዳ የታሸገ ነው፣ ውስጡ የቀረው ብናኝ አይወጣም። አንገቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለም ይቅርባችሁ፤ ዘይት እንዳይፈስ አንገቱ ዙሪያ የሚያሽገውን ጎማ፣ «ሲል» የሚሉትን፣ አዲስ ቢሆንም ይበላዋል።

«ቡሎኑ ይስበዋል»

ይህቺን ቃል ስትሰሙ ሥራውን አስቁሙ። እኔ አላስቆምኩም።

ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነበር። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም ይጠብቃል፣ ሁሉም ይቸኩላል። ረዳቱ ካምቢዮውን በክሪክ አንስቶ ከሞተሩ ጋር ሊያጋጥመው ሲሞክር ጣት የምታህል ክፍተት ቀረች። «ይሄ ነገር አልገባም እኮ» አልኩት። «አቦ አታስብ፣ ቡሎኑ ይስበዋል» አለኝ። እውነትም ሳበው። የካምቢዮውን የዘይት ፖምፓ ሰብሮ ሳበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶርኩ ካምቢዮው ውስጥ የሚቀመጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የግቤት ዘንጉን ጥርስ ይይዛል፣ ቀጥሎ የመሃከለኛውን፣ በመጨረሻ ፖምፓውን የሚያዞረውን። በሁለት እጅ እያዞራችሁ በቀስታ ስትገፉት ዱብ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ዱብ፤ አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይገባል። የመጨረሻዋ ከቀረች ፖምፓው በቡሎኑ ኃይል ይደቆሳል። ስለዚህ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት የካምቢዮው አፍ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ፣ ከብረቱ እስከ ቶርኩ ቡሎን መያዣ ያለውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። አዲሱ ሲገባም ያው ልክ መምጣት አለበት። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ብቻ ተገጣጥሞ፣ ቡሎን ሳይጠብቅ፣ ቶርኩ በጣት መዞር አለበት። ካልዞረ ይውረድ። ቶርኩን ከመክተታችሁ በፊት ሊትር የሚጠጋ የካምቢዮ ዘይት ጨምሩበት፤ ፖምፓው በደረቁ አይነሳ። ቡሎኖቹንም አሮጌዎቹን ተጠቀሙ፤ የረዘመ ቡሎን የቶርኩን ፊት ያጎብጠዋል።

እና ሥራው ጠዋት ይጀመር።

«ሲል» ላይ መቆጠብ

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ፖምፓው ሲቀየር አንገቱ ላይ ያለውን ሲል «ደህና ነው፣ ይቆይ» አልኩ። ብር አልቆብኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመኪናው ሥር ቀይ ኩሬ አገኘሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። ካምቢዮው ከወረደ የፖምፓው ሲልና የሞተሩ የኋላ ሲል ሁለቱም ይቀየሩ። ሞተሩ ላይ ያለው፣ ቶርኩ የሚታሰርበት ስስ ቮላኖም የቡሎን ቀዳዳዎቹ አካባቢ ተሰንጥቆ እንደሆነ በእጅ ባትሪ ይታይ።

ራዲያተሩን መርሳት

የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ቀጭን ማቀዝቀዣ አልፎ ነው። አሮጌው ቶርክ የተፋው ቆሻሻ እዚያ ይቀመጥና አዲሱን ይጠብቃል። ቱቦዎቹን አስፈትታችሁ በደንብ አሳጥቡ። ዘይቱ እንጆሪ ከወተት ጋር የተመታ ጁስ ከመሰለ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ያ ሳይስተካከል አዲስ ቶርክ መግጠም ብር መድፋት ነው።

ዘይቱን በቀዝቃዛው መለካት

የዘይቱን ዓይነት ከሻጩ ሳይሆን ከመለኪያው ዘንግ አንብቡ፤ ብዙ ቶዮታ ላይ እዚያው ተቀርጿል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ በሚኒሞ ይሥራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በቀስታ አመላልሱ፣ ወደ ፒ መልሱ፣ ከዚያ ለኩ። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ እንደጎደለ ያህል ይጎዳል።

የመጀመሪያው ጉዞ ደንገጎ አይሁን። ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ፣ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር፣ ተመላለሱ። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉ፣ ጠዋት ከቡና በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት።