የለቀቀውን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እንዴት መለስኩት

ሴራሚክ ሲረገጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዳር ዳሩን በሲሚንቶ መድፈን ዋጋ የለውም። ችግሩ ከሥር ነው። ወለሉን ሁሉ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልኩ አንኳኳሁ። በደንብ የተጣበቀው ድፍን ድምፅ አለው፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። የጮኹትን በእርሳስ ምልክት አደረግኩባቸው።

መጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን መሙያ ፈልፍዬ አወጣሁ። ይሄ ካልተደረገ ሲነሳ ጎረቤቱን ይዞ ይሰበራል። ከዚያ በቀጭን ስካርፔሎ (በብረት መሮ) ከዳር ጀምሬ አነሳኋቸው። (መነጽር አድርጉ፣ ስባሪው ይፈናጠራል።) አሮጌው ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ የሴራሚኩ ጀርባ ግን ንጹሕ ነው። ድሮም በወጉ አልያዘም ማለት ነው። ሁለቱንም ፍቄ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ወለሉ በደንብ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ እርጥበት ከታፈነ ተመልሶ ይነሳል።

ማጣበቂያውን ወለሉም ላይ፣ የሴራሚኩም ጀርባ ላይ ቀባሁ። ክፍት ቦታ ከቀረ ውሃ ይተኛበታል። ተጭኜ ካስቀመጥኩ በኋላ ተዳፋቱ ወደ ማፍሰሻው መሆኑን በውሃ ልክ አየሁ። 24 ሰዓት ሳይረገጥ ቆየ፤ ከዚያ መሙያው ገባ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ግን ሲሊኮን ነው ያደረግኩት፤ ሲሚንቶ እዚያ ቶሎ ይሰነጠቃል።