ሜትፎርሚን ለሚወስዱና ለጾመኞች፦ ቢ12ን እንዴት እንደሚከታተሉ

እግርዎ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስልዎታል? የስኳር ሕመም ካለብዎት ሰው ሁሉ «ስኳሩ ነው» ይልዎታል። ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ተጠርጣሪ አለ፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። ይሄኛው በጊዜ ከተገኘ በደንብ ይታከማል።

ሰውነታችን ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ኮፋክተር የሚባል ረዳት ካላገኙ አይንቀሳቀሱም፤ ድስት ያለ ጉልቻ እንደማይጣደው። ቢ12 በሰው ሰውነት ውስጥ የሁለት ኢንዛይሞች ብቻ ረዳት ነው። የሁለቱ መቆም ግን ጣጣው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሲቆም ዲኤንኤ በወጉ አይሠራም፤ የቀይ ደም ሴሎች ቁጥራቸው ያንሳል፣ መጠናቸው ይተልቃል። ሁለተኛው ሲቆም ደግሞ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ መሃል የነርቭ ሽፋን ይጎዳል።

መጀመሪያ፣ ተጋላጭ መሆን አለመሆንዎን ይመዝኑ። ቢ12 የምናገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሌላ ብዙ ጥቅም አላቸው፤ ለቢ12 ግን አይሆኑም። እንጀራም ቢሆን ቦክቷል ተብሎ አይታመንበትም። ጾመኞች ግን አይደንግጡ። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ዐቢይ ጾም ብቻውን ጤነኛ ሰው ላይ እጥረት አያመጣም። የሚያሳስበው ነገሮች ሲደራረቡ ነው፦ ጾሙ ሲፈታም የእንስሳት ተዋፅኦ እምብዛም የማይቀምሱ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ፣ ለጨጓራ ብለው ኦሜፕራዞል ያዘወተሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ። ሜትፎርሚን ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል፤ መጠኑና ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ችግሩም ይጨምራል።

ምልክቱን ይለዩ። ድካም፣ የምላስ ማቃጠል፣ መርሳት፣ የሁለቱም እግር መደንዘዝ። አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ምልክት አለ። ጠዋት ፊትዎን ሲታጠቡ፣ ሳሙናውን ፈርተው ዓይንዎን ሲጨፍኑ ይንገዳገዳሉ? ገንዳውን ይዘው ነው የሚታጠቡት? እግር መሬቱን በደንብ ካላወቀው ሚዛን የሚጠብቀው ዓይን ነው። በጨለማ ሲሄዱ መንገዳገድም ከዚሁ ይመጣል። ይህ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ይሂዱ።

ሳይመረመሩ አይወጉ፣ አይዋጡ። ፋርማሲ ጎራ ብሎ «የነርቭ መርፌ ስጡኝ» ማለት ተለምዷል። ቢ12 ያለበትን መርፌ ከተወጉ በኋላ የሚደረግ የቢ12 ምርመራ ግን ውጤቱ ያሳስታል። ስለዚህ ደሙ ይቅደም። ከዚህ የባሰው ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ሌላ ቫይታሚን ብቻውን መውሰድ ነው። የደም ማነሱ ይሻሻላል፣ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ሐኪሙን ምን ይጠይቁ? «ሜትፎርሚን ከጀመርኩ ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል፤ ቢ12ዬ ይታይልኝ» ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ የሜቲልማሎኒክ አሲድ ምርመራ ቢገኝ ይረዳል፤ በየቦታው ግን አይሠራም። የደም ማነስ የለብዎትም መባል ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ደሙ ደህና ሆኖ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

ሕክምናው መርፌ ወይም እንክብል ነው። የነርቭ ምልክት ካለ ብዙ ጊዜ በመርፌ ይጀመራል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ሆኖ ሳለ እንክብሉ 1000 የሚሆነው ተሳስተው አይደለም። ጨጓራ ባይተባበርም ከመቶ አንድ ያህሉ በራሱ ወደ ደም ይገባል፤ እሱ ይበቃል። ሜትፎርሚኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ ስኳሩን ይዞልዎታል።

ምግቡስ? ዱለት ወዳጆች ደስ ይበላችሁ፣ ከጉበት የሚበልጥ የቢ12 ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። እንዲያውም በ1926 ቦስተን ውስጥ ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች፣ ያኔ ገዳይ የነበረውን የደም ማነስ ሕመምተኞቻቸውን በየቀኑ ጉበት በማብላት ነበር ያከሙት። በ1934 ዊፕል ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። ነፍሰ ጡሮች ግን ጉበት አያብዙ፤ ቫይታሚን ኤው ይበዛባቸዋል። ሥጋ የማይበላ ሰው በእንቁላልና በወተት ሊያሟላ ይችላል። ሁሉንም የተወ ሰው እንክብል ያስፈልገዋል። በተለይ የምታጠባ እናት ይህን ችላ አትበል፤ እሷ ከጎደላት ሕፃኑም ይጎድለዋል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ድካሙ በሳምንታት ይቀላል። መደንዘዙ ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ሜትፎርሚኑ ከቀጠለ ደሙን በየጊዜው ያስዩ፤ በየስንት ጊዜው እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።