ዱባይ ላይ መዋጮ አትሰብስቢ፣ ጉልበትሽን ስጪ

ዱባይ ከመጣሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ስምንቱን ሰው ቤት፣ የቀረውን ዴራ ውስጥ የሴቶች ሳሎን ሠርቻለሁ። አዲስ የመጡ ልጆች «በዕረፍት ቀናችን ሰው የምንረዳበት መንገድ አለ ወይ?» ሲሉኝ፣ አስቀድሜ የምነግራቸው ማድረግ የሌለባቸውን ነው።

እኛ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ወረቀት አዙረን ማዋጣት ለምደናል። እዚህ ግን ያስከስሳል። ፈቃድ የሌለው ሰው በዋትስአፕም ሆነ በፌስቡክ እርዳታ መሰብሰብ አይችልም። በፈረንጆች 2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ የገንዘብ ቅጣቱን ከ200,000 እስከ 500,000 ድርሃም አድርጎታል። እኔ ይህን የሰማሁት ጥፋቱን ከሠራሁ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ሂሳቡ ሲከብዳት የአርባ ሰው ግሩፕ ከፍቼ ገንዘብ መቀበል ጀመርኩ። አንድ ሕግ የሚያውቅ ወንድማችን ደወለና «አንቺ ሴት፣ እስር ቤት አማረሽ እንዴ?» አለኝ። ሌሊቱን ገንዘቡን ለእያንዳንዱ ስመልስ አደርኩ።

የልጅቷን ጉዳይ መስመር ያስያዘችው የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነች። የሕክምና ማስረጃዋንና የመታወቂያዋን ኮፒ ይዛ፣ ፈቃድ ላለው የበጎ አድራጎት ማኅበር አመለከተችላት። እንደ ዳር አል ቢርና በይት አል ኸይር ያሉ ማኅበራት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይቀበላሉ። ስለዚህ የታመመ ሰው ካለ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጠይቂ። የራስሽን ሃያም ሠላሳም ድርሃም መስጠት ከፈለግሽ ለእነዚሁ ሰጥተሽ ደረሰኝ ተቀበዪ።

ለጉልበት ሥራ ደግሞ የአገሪቱ የበጎ ፈቃደኞች ድረ ገጽ አለ። በኤሚሬትስ አይዲሽ (በነዋሪነት መታወቂያሽ) ትመዘገቢያለሽ፣ የሚመችሽን ቀንና ቦታ ትመርጫለሽ። ገጹ አረብኛና እንግሊዝኛ ስለሆነ ካልገባሽ የሚያነብልሽ ሰው አጠገብሽ ይኑር፤ የማይሆን ቦታ ላይ ተጭነሽ አቡ ዳቢ እንዳትመደቢ። ሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ ሕጉ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጥሻል፤ ቢሆንም ለማዳም፣ ለአሠሪሽ፣ የት እንደምትሄጂ ንገሪያት። ተደብቆ የሚሠራ በጎ ሥራ ኋላ ጥያቄ ያመጣል።

እንደኔ ከሆነ ለጀማሪ ከረመዳን የሚሻል የለም። በየማኅበሩ ሰው ይፈለጋል፤ ሥራውም ቋንቋ አይጠይቅም፦ ተምር፣ ውኃ፣ ላባን (የሚጠጣ እርጎ) በካርቶን መደርደር፣ ከዚያ ማደል። «ረመዳን አማን» የሚባለው የአል ኢሕሳን ማኅበር ዘመቻ ኢፍጣሩን መብራት ላይ ለቆሙ ሾፌሮች ይሰጣል፤ ምክንያቱም መግሪብ፣ ጾም የሚፈታበት የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት፣ ሲቃረብ የተራበ ሰው ቤቱ ለመድረስ ሲበር ይጋጫል። እኔ የሠራሁት እዚያ ሳይሆን ለቀን ሠራተኞች ሰፈር በሚታደልበት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰልፉ ይጀምራል። ፀሐዩ ገና አልበረደም፣ ሰዉም ቀኑን ሙሉ ጾሞ ሕንጻ ላይ ውሏል፤ ቶሎ ቶሎ ማለት ያስፈልጋል። ክፍት ጫማ አድርገሽ አትሂጂ፣ ካርቶን እግርሽ ላይ ይወድቃል። ክንድና ጉልበትሽን የሚሸፍን ልብስ ልበሺ። የተቀባዩን ፊት ፎቶ አታንሺ። ክርስቲያን ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በ2025 ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው፣ የሥጋ ቢሪያኒ ሽታ እየገደለኝ ሳድል ከረምኩ።

ደም ለመስጠት ላቲፋ ሆስፒታል ያለው የዱባይ የደም ልገሳ ማዕከል መሄድ ነው። ክብደትሽ ቢያንስ 50 ኪሎ መሆን አለበት፤ ጣትሽን ወግተው ደም ማነስ እንዳለብሽና እንደሌለብሽ ያያሉ። በባዶ ሆድ አትሂጂ። በቅርብ አገር ቤት ደርሰሽ ከመጣሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ በወባ ምክንያት ቆይተሽ እንድትመለሺ ሊሉሽ ይችላሉ።

ልብስ ከሆነ የቀይ ጨረቃ የልብስ ሳጥኖች በየሰፈሩ ቆመዋል። አጥበሽ፣ አጥፈሽ፣ በፌስታል አስረሽ ክተቺ። ኪሶቹን ግን ፈትሺ። እኔ የቤቴን ቁልፍ ጃኬት ውስጥ ረስቼ ከትቼው አውቃለሁ፤ ያ ሳጥን ደግሞ እጅ አያስገባም።