በጅማ ጅረቶች መረብ የሚያደራውን ካዲስፍላይ መለየት

ካዲስፍላይ የተባለው ነፍሳት እጭነቱን ውሃ ውስጥ ይጨርሳል፤ ክንፍ ሲያወጣ የእሳት እራት መስሎ ማታ መብራት ላይ ይመጣል። በጅማ ዙሪያ ለጀማሪ የሚመቸው ሃይድሮሳይኪዴ የተባለው ቤተሰብ ነው፤ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው።

አዌቱ ወንዝ ጅማ ከተማ ከመግባቱ በፊት ወይም “በለጠ ገራ” በሚባለው ደን ባሉት ጅረቶች፣ ውሃው አረፋ እያወጣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወርድበትን ቦታ ፈልጉ። የረጋ ውሃ ላይ አትድከሙ፤ ለዚህ እጭ ምግብ የሚያመጣለት ወራጁ ነው። በድንጋዮች መካከል የሐር መረብ አድርቶ አፉን ወደ ላይኛው ፍሰት ያዞረዋል። መረቡን ውሃው ውስጥ እንዳለ እዩት፤ ከወጣ በኋላ ተጣብቆ ተራ ጭቃ ይመስላል።

ባለ 0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ መረብ ከድንጋዩ በታችኛው ፍሰት በኩል ደግናችሁ ድንጋዩን በእጅ ፈትጉ፤ ሥሩን ለ1 ደቂቃ ያህል በእግር በጥብጡ። ቦቲና የላስቲክ ጓንት አይቅር፤ በአካባቢው ቢልሃርዚያ አለ። የተያዘውን፣ ውሃ ያለበት ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡ። ማቆያው ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ነው፤ አረቄ ስለሚቀጥን እጩ ይበሰብሳል። ብልቃጡ ከታጨቀ ደግሞ ከእጮቹ የሚወጣው ውሃ አልኮሉን ያዳክመዋል፤ በማግስቱ ቀይሩት።

በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር መጀመሪያ ጀርባውን ተመልከቱ። ሦስቱም የደረት ክፍሎች በጠንካራ ቡናማ ሽፋን መሸፈን አለባቸው። ከዚያ ገልብጡት፤ ሆዱ ሥር ቅርንጫፍ ያለው ስንጥብ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል)፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ባለ መንጠቆ እግሮች ጫፍም እንደ ብሩሽ የተሰበሰበ ጸጉር ከታየ ሃይድሮሳይኪዴ ነው። የተሸፈነው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ሆኖ ጭንቅላቱ ብርቱካናማ ከሆነ ፊሎፖታሚዴ የተባለውን ሌላ የካዲስፍላይ ቤተሰብ ጠርጥሩ። ሦስቱም ተሸፍነው ስንጥብ ከሌለ ኤክኖሚዴ የተባለው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። በጣም ትንንሾቹን ተዉአቸው፤ ስንጥባቸው ገና ስላልተሟላ ያሳስታሉ።

ዝርያውን ለማወቅ እጭ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የሚለየው በወንዱ ሆድ ጫፍ ያለው የመራቢያ አካል ነው። ድንጋይ ላይ በጠጠር ተለስኖ የታሸገ ጎጆ (እጩ ወደ ባለ ክንፍ የሚለወጥበት) ካገኛችሁ አትጣሉት። ሊወጣ የደረሰ ወንድ ውስጡ ካለ፣ የእጭነቱ ቆዳ አብሮት ታሽጎ ስለሚገኝ ሁለቱን የሕይወት ደረጃዎች በአንድ ናሙና ታገናኛላችሁ። ቆዳውንና ወንዱን በአንድ ብልቃጥ አቆዩ።

ሃይድሮሳይኪዴ በረከተ ማለት ግን ውሃው ንጹህ ነው ማለት አይደለም። መጠነኛ ብክለት ይችላል፤ በውሃ የሚንሳፈፍ ብስባሽ ሲጨምር እንዲያውም ይበዛል። ከእሸት ቡና ማጠቢያ በላይና በታች፣ ተመሳሳይ ፍሰትና ድንጋይ ካለበት ቦታ ናሙና ውሰዱ፤ ማጠቢያዎቹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሠሩ የሚለቀቀው የገለባ ውሃ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከታች በኩል ከቅጠል ቁራጭ ባለ አራት ማዕዘን ቤት የሚሠራው ሌላው የካዲስፍላይ ቤተሰብ፣ ሌፒዶስቶማቲዴ፣ ጠፍቶ ሃይድሮሳይኪዴ ብቻ ከቀረ፣ ጉዳቱ ጀምሯል ብላችሁ መዝግቡ። ሁለቱም ከጠፉና ድንጋዩ ግራጫ ዝልግልግ ክር ከለበሰ ብክለቱ ከባድ ነው።